ሰማያዊው መዳፍ

ፉሳኤ ነጩን ጓንቷን አላወለቀችም።

ሻይ ቀረበ፤ አላወለቀችም። በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ቀረበ፤ አላወለቀችም። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወጣት ጓንቱን አየ፣ ጣፋጩን አየ፣ ከዚያም ጣሪያውን አየ። ስሙ ሹዞ ነው። የኩሜ ቤት ሁለተኛ ልጅ።

የከተማውን ግማሽ ባልና ሚስት ያገናኙት ወይዘሮ ሂሮሴ ዝምታውን ሊሞሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሹዞ ጎበዝ በርሜል ሠሪ ነው። ፉሳኤስ... ልጄ፣ በትርፍ ጊዜሽ ምን ትወጃለሽ?»

«ሥራዬን።»

«ሙዚቃ ማለቷ ነው፤» አሉ ወይዘሮ ሂሮሴ ፈጠን ብለው። «በሉ እንግዲህ፣ ወጣቶቹ በአትክልቱ ውስጥ ትንሽ ይንሸራሸሩ።»

ወጡ። የሰኔ ሙቀት ከድንጋዩ ላይ ይነሣል። ሹዞ ከኩሬው አጠገብ ቆመ።

«በዚህ ሙቀት ጓንት ያደረገ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጠይፏል። እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«ሦስተኛም አለ።»

«ምን?»

«የሚደብቀው ያለው።»

«እንግዲያውስ ሌባ ነዎት!»

ሳቀች። ሳቋን በጓንቷ ልትሸፍን ስትሞክር እሱም ሳቀ፤ ለመሳቅ ያላሰበ ሰው እንደሚስቀው፣ በአፍንጫው።

ፉሳኤ የኒታ ቤት ብቸኛ ልጅ ናት። ቤቱ ለአምስት ትውልድ ጨርቅ በሰማያዊ ሲያቀልም ኖሯል። ወንድ ልጅ የሌለው ቤት ከሌላ ቤት ሁለተኛ ወንድ ልጅ ይፈልጋል፤ ያ ሰው ሚስቱን ሲያገባ ቤቱንም ያገባል። የራሱን ስም ትቶ የእሷን ይይዛል፣ የእሷን አያቶች መቃብር ያጥባል። ታላቅ ልጅ ግን ለዚህ አይታሰብም፤ ታላቅ ልጅ የራሱ ቤት ምሰሶ ነው። ወይዘሮ ሂሮሴ ሹዞን የመረጡት ሁለተኛ ስለሆነ ነበር። የፉሳኤን ጓንትም የመረጡት እሳቸው ናቸው። «ልጅቷ ቀለም ቤት አትገባም፤ የቤቱን ደብዳቤ ትጽፋለች ብያለሁ። ከሠርጉ በኋላ ታወልቂዋለሽ።»

ለሁለተኛ ጊዜ የተገናኙት በትልቁ ወንዝ ድልድይ ላይ ነው። ከድልድዩ ወዲህ የእሷ ቤት፣ ወዲያ የእሱ ቤት። ሹዞ የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚሸጠውን ጋሪ አየና ቆመ።

«የተሸነፈ ይጋብዛል። ጃን ኬን...»

«ፖን!»

እሱ ጭብጥ አወጣ፤ ድንጋይ። እሷ መዳፏን ዘረጋች፤ ወረቀት። በዚህ የእጅ ጨዋታ ወረቀት ድንጋይን ይሸፍናል፣ መቀስ ወረቀትን ይቆርጣል፣ ድንጋይ መቀስን ይሰብራል። ሹዞ ጋበዘ።

«ሁለት ጊዜ ካሸነፉኝ እንጂ፣ አንድ ጊዜማ ዕድል ነው፤» አለ።

ደገሙት። ጭብጥ። አሁንም መዳፏን ዘረጋች።

«ሁልጊዜ በድንጋይ ነው የሚጀምሩት?»

«መዶሻ የያዘ ሰው ጣቱ አይዘረጋም።»

«እንዲህ ዓይነት ሰው ቁማር ቢጫወት ቤቱን ይሸጣል፤» አለችው፤ ከድንቹም ትልቁን ግማሽ ሰጠችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ፣ አውቶቡስ እየጠበቁ፣ ጓንቱን አወለቀች። ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም። ምናልባት ከዚህ ሰው ጋር መዋሸት ስለደከማት ነው። እጆቿ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ ነበሩ። ጥፍሮቿ ወደ ጥቁር ያደላሉ። አባቷ የቀጠራቸው ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ፋብሪካ ሲሄዱ፣ ሴት ገብታበት በማታውቀው ቀለም ቤት እሷ ገብታለች፤ መሬት ውስጥ እስከ አንገታቸው የተቀበሩትን የቀለም ጋኖች፣ ቀለሙ ሕያው ሆኖ እንዲብላላ፣ ፉርሽካና የሩዝ አረቄ እያበላች ሰባት ዓመት ሆናት።

ሹዞ እጆቿን አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

ምንም አላለም።

አውቶቡሱ መጣ። ወጣች። በመስኮት ስትመለከት አሁንም እዚያው ቆሟል፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ ለትውውቅ ወደ ሹዞ ቤት ተልኮ የነበረው ፎቶግራፏ በወይዘሮ ሂሮሴ እጅ ተመለሰ። የተመለሰ ፎቶግራፍ እምቢታ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ወይዘሮ ሂሮሴ ጎንበስ ብለው፣ በእንዲህ ያለ ቀን የሚባለውን አሉ፦

«በመካከላቸው ዕጣ ያሰረው ክር አልነበረም።»

ፉሳኤ ፎቶግራፉን መሳቢያ ውስጥ አስገባችና ወደ ጋኖቿ ወረደች። ያን ቀን አንዱኑ ጨርቅ ዘጠኝ ጊዜ ነከረች። አባቷ አቶ ቶኩጂ ከበሩ ላይ ቆሞ አያት።

«ጠቆረኮ።»

«ይጥቆር!»

አንድ ሳምንት ቻለችው። በስምንተኛው ቀን ድልድዩን ተሻገረች፤ ባዶ እጇን፣ ያለ ጓንት፣ ያለ አገናኝ። ሴት ልጅ እንዲህ አታደርግም። ቢሆንም የጋን ክዳን ያስፈልጋታል፤ ክዳን ደግሞ በርሜል ሠሪ ዘንድ ነው የሚገኘው።

ሹዞ እንጨት እየላገ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው ሱቅ በረንዳው ላይ ቀይና አረንጓዴ የፕላስቲክ ባልዲዎች ደርድሯል። እሷን ሲያይ መላጊያው ከእጁ ወደቀ።

ሁለቱን እጆቿን ፍቅፋቂ በሞላበት ጠረጴዛ ላይ አሳረፈች።

«ክዳን ላዝዝ ነው የመጣሁት።»

«እ... እሺ። ስፋቱ?»

«በእጄ ምክንያት ከሆነ ፊት ለፊት ንገረኝ!»

«የምን እጅ?»

«ይሄ እጅ! ሰማያዊው! አይተህ ዝም አልክ፣ ከዚያ ፎቶዬን መለስክ።»

ሹዞ ተመለከታት።

«አንተ አልሽኝ፤» አለ ቀስ ብሎ።

«ተናድጄ ነው!»

«እኔ አልመለስኩትም፤ እናቴ ናት። አውቶቡስሽ በሄደ ማግስት ብራዚል የሄደው የታላቅ ወንድሜ ደብዳቤ መጣ። እዚያ ሚስት አግብቷል። የቡና እርሻ ይዟል። አይመለስም።» ወለሉን ተመለከተ። «ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ ልጅ እኔ ነኝ።»

ፉሳኤ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ታላቅ ልጅ ከቤቱ አይወጣም። እሷም ከቤቷ አትወጣም። በእጇ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ እጅ በጓንት ይሸፈናል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ወይዘሮ ሂሮሴ ምክንያት አይነገርም አሉ። ምክንያት ሰው ይጎዳል አሉ።»

«ዝምታ አይጎዳም?... ሰባት ቀን ሙሉ እጄን ስጠላው ነው የሰነበትኩት!»

ሹዞ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። ፊቷ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ላይ ፍቅፋቂ ተጣበቀ።

«ደብዳቤ የምትጽፍ ልጅ ናት ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ፊደሌ መጥፎ ነው፣ ስለ ምን እናወራለን እያልኩ እጨነቅ ነበር። እጅሽን ሳይ... እንደኔ የምትሠራ ሰው ናት አልኩ። ደስ ሲለኝ ቃል ይጠፋኛል። ጥፋቴ እሱ ብቻ ነው።»

ከጀርባ ያለው ተንሸራታች በር ተከፈተ። የሹዞ እናት ሻይ ይዘው ቆመዋል፤ ሻዩ መቀዝቀዙ ሳይቀር ይታያል።

«እናቴ! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምሽው?»

«ከ‹ክዳን› ጀምሮ፤» አሉ እማማ ሳዳዮ። ወደ ፉሳኤ ቀረቡ፣ እጇን አንሥተው መዳፏን ገለበጡ፤ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጨርቁን እንደሚያይ አዩት። «ይህ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ሰባት ዓመቴ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ፎቶውን ስመልስ ፊትሽን ብቻ ነው ያየሁት፤» አሉና ሻዩን አስቀምጠው ገቡ።

ፉሳኤ ያን ምሽት ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው። አቶ ቶኩጂ ጋን እያማሰለ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ታላቅ ልጅ ከቤቱ አይወጣም። አንቺም አትወጪም። አለቀ።»

«ሕጉ ተለውጧል፣ አባባ። ቤት ሰውን አያዝም ይላል። እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው የተለወጠው።»

«ሕጉን ቶኪዮ ሆነው ጻፉት። ለጋኖቼ ማንም አላነበበላቸውም።»

«እኔ ላንብብላቸው?»

አባቷ ሳቁን በግድ ዋጠው። ዓይኑ ግን አልሳቀም። እሷ ከሄደች ጋኖቹ በአንድ ክረምት ይሞታሉ፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሹዞን ካጣች ደግሞ... ይህን እሷ ብቻ ነው የምታውቀው።

በሦስተኛው ቀን እማማ ሳዳዮ ባለ አምስት የቤተሰብ ምልክቱን ጥቁር የክብር ልብሳቸውን ለብሰው ድልድዩን ተሻገሩ። ሳሎን ግቡ ሲባሉ እምቢ አሉ። ቀለም ቤት፣ በጋኖቹ መካከል፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ተቀመጡ።

«የአባቴ ቤት ኢቡካ ይባል ነበር፤» አሉ። «ከወንድሜ ጋር ሁለት ብቻ ነበርን። ወንድሜ ከጦርነቱ አልተመለሰም። እኔ ያኔ ተድሬ ኩሜ ሆኛለሁ። የባሌን ፊት ያየሁት በሠርጌ ቀን ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ አልዋሽም። ግን የአባቴን መቃብር ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ተደብቄ ነው የማጥበው። የባሌ ቤት ሰዎች እንዳይከፋቸው ገበያ ሄድኩ እላለሁ፤ ባልዲውንም ከአትክልት ሥር እደብቀዋለሁ።»

አቶ ቶኩጂ ማማሰያውን አስቀመጠ።

«ልጅዎ ወደኔ ብትመጣ እርስዎም እንደ አባቴ ይሆናሉ። ስለዚህ ሹዞን ውሰዱት። ቀን ቀን እየመጣ በርሜሉን ይሥራ፤ ድልድዩ ሩቅ አይደለም። ስሙን ግን ውሰዱት፤ ኒታ ይባል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ለምጄዋለሁ።»

ፉሳኤ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። አሁንም አላየችም፤ ፊቱን ወደ ጋኑ አዙሯልና። ድምፁን ግን ሰማች።

«አይሆንም። እንዲህ ከሰሙ በኋላ መውሰድ ነውር ነው። ልጄን እኔ እሰጣለሁ።»

«ኧረ በፍጹም!»

«በፍጹም እርስዎ!»

ይህ ክርክር በሐምሌ ተጀምሮ እስከ ጥቅምት ዘለቀ። ቀድሞ ማንም አልሰጥም ሲል የነበረውን አሁን ማንም አልቀበልም አለ። አባቷ የስጦታ ዓሣ ይልካል፣ እማማ ሳዳዮ የበለጠ ዓሣ ይመልሳሉ። ወይዘሮ ሂሮሴ በድልድዩ ላይ ሲመላለሱ ጫማቸው አለቀ። ክሩ ግን እንደ ነበረ ለሰው ሁሉ አወሩ፤ መጀመሪያውኑ ያዩት እሳቸው ስለነበሩ።

የጋብቻ ቅጹን ለመሙላት አራቱም ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። መነጽር ያደረገው ወጣት ጸሐፊ በጣቱ አመለከተ።

«እዚህ ላይ ምልክት ያድርጉ። የባል ስም፣ ወይስ የሚስት ስም? አንዱን ብቻ።»

«ኒታ፤» አሉ እማማ ሳዳዮ።

«ኩሜ፤» አለ አቶ ቶኩጂ።

«ኒታ ነው የምልዎት!»

«ኩሜ ካልሆነ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ!»

ጸሐፊው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። «ብዙ ቤተሰብ ሲጣላ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተገልብጦ ግን አላየሁም። ምሳ ሰዓቴ ደርሷል። እባካችሁ ተጋቢዎቹ ይወስኑ።»

ሹዞ ወደ ፉሳኤ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ሳቅ አለ።

«ያሸነፈ ስሙን ይያዝ። እንደ ድልድዩ።»

«ማዘጋጃ ቤት ውስጥ?» አለች ወይም ልትል አሰበች። እጁ ግን ቀድሞ ተነሥቷል። ጸሐፊው መነጽሩን አስተካከለ።

«ጃን ኬን...»

በዚያች ትንፋሽ ፉሳኤ ገባት። ይህ ሰው ሁልጊዜ በድንጋይ ይጀምራል። እሱ ያውቃል። እሷ እንደምታውቅም ያውቃል። መቀስ ብታወጣ ትሸነፋለች፣ ኩሜ ትሆናለች። ወረቀት ብታወጣ... ዕድል አልነበረም። ምርጫውን ሙሉ በሙሉ፣ ማንም ሳያያቸው፣ በእጇ ላይ አስቀምጦላታል። እማማ ሳዳዮን አየቻቸው። አሮጊቷ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ፣ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፖን!»

ጭብጥ።

መዳፏን ዘረጋች፤ ሰፊ፣ ባዶ፣ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት እማማ ሳዳዮ ናቸው። አባቷ ወደ መስኮቱ ሄዶ ወንዙን ተመለከተ፤ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጸሐፊው ማኅተሙን መታ።

«ሆን ብለህ ነው፤» አለች ፉሳኤ በሹክሹክታ።

«መዶሻ የያዘ ሰው ጣቱ አይዘረጋም አላልኩሽም?»

«መዶሻህ ቤት ነው ያለው!»

«እንግዲያው... አዎ፣ ሆን ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ሂሮሴ ምግብ ቤት አዘው ይጠብቋቸው ነበር። ፉሳኤ ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታጠፈች።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?» አሉ እማማ ሳዳዮ።

«ኢቡካዎች ዘንድ፣ እማማ። መንገዱን አሳዩን። ባልዲውን ዛሬ ሹዞ ይይዛል፤ ከአትክልት ሥር አንደብቀውም።»

እማማ ሳዳዮ መንገዱ መካከል ቆሙ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ ለካ ደስ ሲላቸው ቃል የሚጠፋው እሳቸውንም ነው።

መቃብሩ በጥድ ሥር ነው። ሹዞ በራሱ እጅ የሠራውን የእንጨት ባልዲ ሞልቶ አመጣ። አቶ ቶኩጂ ቅጠሉን ጠረገ። ፉሳኤ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ውኃ አፈሰሰች፣ ከዚያም መዳፏን ዘርግታ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ አሳረፈችው። የእማማ ሳዳዮ እጅ መጥቶ ከላዩ ዐረፈ።