ሁለተኛው ጥሪ

እልፍኝ አስከልካዩ አፉን ከፈተ፤ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

በሰንቃል መንግሥት ሥርዓት በአልጋ ወራሹ በልዑል ሲሳር ፊት የሚቀርብ ፍጡር ሁሉ አስቀድሞ የወራሹን ማዕረግ መስማት አለበት፤ ማዕረጉ ተነግሮ እስኪያልቅም ወራሹ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቆማል። የሚቀርበው መልእክተኛም ቢሆን፣ ምርኮኛም ቢሆን ልዩነት የለውም። ስለዚህ በውግራ ደን እምብርት፣ ቀንደ ብርሃን የተባለው አውሬ ከጉሙ ወጥቶ ጨው ወደ ተነሰነሰበት ድንጋይ ሲራመድ፣ እልፍኝ አስከልካይ ደምሳሽ ከመደበቂያው ብድግ ብሎ «የወንዞች ሁሉ ጌታ፣ የምሥራቅ በር መዝጊያ…» ማለት ጀመረ። ልዑል ሲሳር እንደ ተማረው ራሱን ዝቅ አደረገ። ቀና ሲል ድንጋዩ ባዶ ነበር።

የደን መሪ ፊቱን ለእንግዳው፣ ጀርባውን ለአውሬው ይሰጣል። መሪዋ አንጓችም የደከመችበት ነገር ሁሉ ከኋላዋ ቅርንጫፍ እየሰበረ ሲሮጥ ሰማች እንጂ አላየችም። ቁጣ እንኳ አቅም ይጠይቃል። «በሉ እንውረድ» ብቻ አለች፤ ወረዱ።

አሮጌው ንጉሥ ከሞተ ወዲህ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ፈልቆ ከተማውን የሚያጠጣው ምንጭ እየቀጠነ ሄዶ ክር አክሏል። በምንጩ አፍ ላይ ጥንታውያን የቀረጹት ቃል አለ፦ «ቀንዱን ያላየ ንጉሥ፣ ከምንጩ ውሃ አይቀምስ።» ውሃው እስኪጎድል ድረስ ተረት ይመስል ነበር። ቀንደ ብርሃን ቁመቱ የጦር ፈረስ ያህላል፤ ጠምዛዛ ቀንዶቹ የንጋትን ጨረር ጠጥተው መልሰው ያበራሉ። የመጀመሪያው የክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ቀንዱን ጥሎ ዓመቱን ሙሉ ይሰወራል። በምዕራብ ተራሮች ላይ ደመናው መከመር ጀምሯል።

አውሬውን ከመሪ ጥሪ በቀር ከተሰወረበት የሚያወጣው ነገር የለም። መሪ ደግሞ በአንድ ወቅት አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል፤ አንጓችም የዘንድሮዋን ጠርታ ጨርሳለች፤ የደገመ ሰው ድምፁን ደኑ ይወስድበታል፣ አይመልስለትም። የአንጓች አባት ወርጡ ለአሮጌው ንጉሥ ደግሟል፤ ያኔ ነገሩን ያበላሸው የንጉሡ ውሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጁ ነው የሚናገረው። ገበያ ሲወጣ ሰዎች ደንቆሮ ይመስል ይጮኹበታል፤ ሰማሁ ማለትም አይችልም።

ከደኑ ግርጌ ባለው የመሪዎች ቤት ተቀመጡ። ደምሳሽ ወዲያው ስለሚቀጥለው ጉዞ ማቀድ ያዘ። የልዑሉ ጉልበት ድንጋይ ስለነካው ምንጣፍ እንዲጨመር፣ ድንኳኑም ወደ ድንጋዩ እንዲጠጋ፣ ትኩስ ምግብ የሚያበስሉ ሰዎችም እንዲከተሉ ዘረዘረ። አንጓች ጫማዋን እያወለቀች እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ማን ሊጠራው ነው?» አለች።

«አንቺ ነሻ፣ ልጄ። ሥራሽ አይደል?»

አባቷ እጁን አንሥቶ በአየር ላይ ቆረጠ፤ አይሆንም ማለቱ ነበር። ልዑሉ የአንዱን ፊት ከሌላው እያየ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ማንም አልነገረውም ነበር። ወርጡ ተጠግቶ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።  ሲሳር እንዲህ ያለውን ነገር ከእሷ እንደማይጠይቅ፣ ሌላ መንገድ እንደሚፈለግ ተናገረ።

«ሌላ መንገድ ቢኖር አባቴ ያገኘው ነበር፣ ልዑል ሆይ» አለችውና ወጣች።

ደጅ ላይ አንዲት ሴት ከዛፍ ላይ እንደ ጢም የበቀለውን ሽበት እየገፈፈች፣ እርጥበቱን ወደ ቅል ትጨምቃለች። ከከተማ የመጣች ናት፤ የዛፍ ሽበት ውሃ እንደሚይዝ ወሬው ወርዷል ማለት ነው። ሴትዮዋ አንጓችን ስታይ ደነገጠች። የገፈፈችውን መልሳ ግንዱ ላይ ለጠፈችና እንዲጣበቅ በመዳፏ ተጫነችው። እጇን ስታነሣ ወደቀ።

አንጓችን ያናደዳት ይህ ነው። ብታለቅስ፣ ብትለምን፣ ጀርባዋን ሰጥታት በገባች ነበር። ይህ መለጠፍ ግን ከዓይኗ አልጠፋም።

ተመልሳ ገብታ ተቀመጠች። «እጠራዋለሁ። አሁን ስሙኝ» አለች። ምንጣፍ የለም፤ ድንኳን የለም፤ ሽቱ የነካ ልብስ አመድ ይታሸት። ስንቁ በሶ ነው፤ እሳት አይነድም። የሚገቡት ልዑሉ፣ አባቷና እሷ ብቻ ናቸው።

ደምሳሽ ተነሣ። የብር በትሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ማዕረጉ ሳይነገር የታየ ቀንድ በሕግ እንዳልታየ እንደሚቆጠር፣ መማክርቱም ያለ ምስክር እንደማይቀበሉት አስረዳ። ሽማግሌው ለክፋት አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ነው የተናገረው።

«ሕጉ ማዕረጉ አስቀድሞ ይነገር ይላል» አለች አንጓች። «ምን ያህል ርቆ እንደሚነገር ይላል?»

ደምሳሽ አሰበ። «አይልም።»

«እንግዲያው ከደኑ በር ላይ ቆመህ ጨርሰው፤ ከዚያ ለምስክርነት አብረኸን ትገባለህ። አውሬው ጆሮ አለው። ከዚያ በኋላ ትንፋሽህን ብሰማ በመሪ ገመዴ አንቄ እሰቅልሃለሁ።»

ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቀች፤ ልዑሉም በጉልበቱ ተንበርክኮ ማለ፦

«በአባቴ አጥንትና በሚደርቀው ምንጭ እምላለሁ። ከእኔ በኋላ ቀንደ ብርሃንን ለመዝናናት ብሎ የሚያይ እንግዳ ወደዚህ ደን አይገባም። ይህን ቃል ባጥፍ የምጠጣው ውሃ በአፌ ውስጥ አሸዋ ይሁን።»

በማግሥቱ ደምሳሽ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ ማዕረጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘለቀው። ጉሬዛዎች ከላይ እየጮኹ መለሱለት። ፀሐይዋ ከፍ ስትል አንጓች «ገና የሴት አያቱ ወገን ይቀራል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሲሳር አባቱ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚያ አራቱም አንድ ገመድ ይዘው ገቡ። ገመዱን የለቀቀውን ሰው የሚውጠው ዋጭ ጉም ከቁርጭምጭሚታቸው ተነሥቶ እስከ ደረታቸው ደረሰ። በገደሉ ጠርዝ ላይ የልዑሉ እግር ከዳውና ገመዱ ተወጠረ። ደምሳሽ የብር በትሩን ወደ ጉሙ ወርውሮ ገመዱን በሁለት እጁ ያዘ። በትሩ መሬት ሲነካ አልተሰማም። ሽማግሌው የቃል ያህል ትንፋሽ እንኳ አላወጣም።

ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው ሊነጋጋ ሲል መደበቂያው ደረሱ። ሩቅ ሰማዩ አጉረመረመ፤ ጊዜ የለም። ወርጡ ጨው ነሰነሰና የልጁን ትከሻ ያዘ። ይዞ ቆየ። አንጓች እጁን በቀስታ አነሣችለት፤ ብትዘገይ ሐሳቧን እንደምትለውጥ ታውቃለች።

ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ፣ እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ጠራች። ጥሪው ዝቅ ብሎ ተነሣ፣ ሸለቆውን ሞልቶ ወጣ። እየወጣም ከጉሮሮዋ አንድ ነገር እንደ ክር ሲመዘዝ ተሰማት፤ ጫፉ እስኪያልቅ አላቆመችም።

 ቀጥሎ ከኋላዋ ሰኮና ድንጋይ ነካ።

የሲሳር ፊት በራ። መጀመሪያ አገጩ፣ ከዚያ ጉንጩ፣ ከዚያ የተከፈቱት ዓይኖቹ ወርቅ ለበሱ። ራሱን ዝቅ አላደረገም። ደምሳሽ የነጠላውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። አንጓች የከፈለችበትን ነገር ያየችው በሰው ፊት ላይ ብቻ ነው። መዞር አማራት፤ አልዞረችም።

ነጎድጓዱ ፈነዳ። ብርሃኑ ከልዑሉ ፊት ላይ ጠፋ። ከእግራቸው ሥር፣ ከምድር ውስጥ፣ ውሃ ሲንቀሳቀስ ሰሙ።

አንጓች «በሉ እንውረድ» ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ አያት፤ መዳፉን ገልብጦ ወደ ታች አወዛወዘው። እሷም አየችና ደገመችው። ወረዱ።

ንግሡ በከተማው ቧንቧ ሁሉ ውሃ እየዘለለ ተከበረ። ደምሳሽ አዲስ በትር ይዞ ማዕረግ አወጀ፤ የአንጓችም ስም «አፈ ደን» ተብሎ በአዳራሹ ተጠራ። ሹማምንቱ አጨበጨቡ። ግብሩ ሲሞቅ ደምሳሽ ከልቡ ደስ ብሎት ስለ መጪው ዓመት ማውጋት ጀመረ። የጎረቤት ነገሥታት ዝናውን ሰምተው ቀንዱን ለማየት ጠይቀዋል፤ መንገዱ አሁን ታውቋል፤ ማዕረጋቸውን በር ላይ መጨረስ ነው። ጥቂት ድንኳን ብቻ፤ ጥቂት ምንጣፍ ብቻ።

«አፈ ደን ምን ይላሉ?» ብሎ በአክብሮት ዞረ።

አዳራሹ መልሷን ጠበቀ። ንጉሡ የውሃ ዋንጫውን እስከ ከንፈሩ አድርሶ ቆመ። አልጠጣም፤ እምቢም አላለም። ዋንጫው ውስጥ እያየ ያስባል።

አንጓች አስቦ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። በሹማምንቱ መካከል አልፋ ወደ በሩ ሄደች። በመሪዎች ቤት በር በሁለት እጅ፣ ኮሽ ሳይል ነው የሚዘጋው፤ ልጅ ሆና አባቷ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማራት ይህንን ነበር።

ወጣች፤ የአዳራሹም መብራቶች እስኪርገበገቡ ድረስ በሩን ከኋላዋ ወርውራ ዘጋችው።