ጫጫታ ብዬ ያለፍሁት ድምፅ

ይህ ፈጠራ አይደለም። በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው እዚህ ላይ ያቁም፤ አልቀየመውም።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ሥራችን ልጆችን ንባብ የሚያስተምር ፕሮግራም መሥራት ነበር። ልጁ ታብሌት ላይ ጮክ ብሎ ያነባል። ፕሮግራሙ ይሰማዋል፤ ሲሳሳት ያርመዋል፤ ሳይሳሳት ሲያነብ «ጎበዝ» ይለዋል። ግን ማሽን የልጅ አማርኛ ከየት ያውቃል? መጀመሪያ ሰው ተቀምጦ ሊያስተምረው ይገባል።

ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

የሙከራው ፕሮግራም ከየትምህርት ቤቱ የሚልከውን የድምፅ ቅጂ አዳምጣለሁ፤ ልጁ ያነበበውን እጽፋለሁ። ከጀርባ ሌላ ድምፅ ካለ «ጫጫታ» ብዬ አልፋለሁ። በሬ ይሁን፣ የጀልባ ሞተር ይሁን፣ ሰው ይሁን... ጫጫታ ነው። ፕሮግራሙም እኔ ጫጫታ ያልሁትን ሁሉ እንዳልነበረ መቁጠር ይማራል።

ከሁሉም የምወደው የተስኒምን ቅጂ ነበር። ከጣና ዳሯ ከተማ ከቁንዝላ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። ጥርት ያለ ድምፅ፣ አንድ ፊደል የማይስት።

ከጀርባዋ ሁልጊዜ የሆነ ሹክሹክታ አለ። ሦስት ወር ሙሉ ጫጫታ እያልሁ አለፍሁት።

የዚያን ማክሰኞ ግን ተስኒም ምንባቡን ጨርሳ ዝም ስትል...

ሹክሹክታው አላቆመም።

አለቃዬን ምናሴን ጠራሁት።

«እስኪ ስማው። ከልጅቷ ጋር ሰው አለ።»

ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ ብቻ ለጠፈ።

«ጫጫታ በይውና እለፊ፣ ሰገነት።»

«የሚያለቅስ ነው የሚመስለው።»

«አርባ ትምህርት ቤት እየጠበቀን፣ አንቺ ሹክሹክታ ታሳድጃለሽ?»

አለፍሁት።

ሐሙስ ግን ፈቃድ ጠይቄ ቁንዝላ ሄድሁ። መኪናው እስኪበቃኝ አንገጫገጨኝ። የተስኒም አስተማሪ መምህር መስዑድ በር ላይ ተቀበለኝ። በልጅቷ ውጤት ኮርቷል።

«የት ሆና ነው የምታነበው?» አልሁት።

«ዕቃ ቤት ነዋ። ብቻዋን፣ ጸጥ ያለ ቦታ ትሁን ብላችሁ መመሪያ የላካችሁ እናንተው አይደላችሁ? ልጆች እንዳይረብሿት ከውጭ እቆልፍላታለሁ።»

መመሪያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ተስኒምን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይዣት ተቀመጥሁ። ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ናት። መጽሐፉን ሰጠኋት።

«እስኪ አንብቢልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

አነበበች።

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ድምፅዋ ጥርት ያለ አልነበረም። የሰለለ ነው፣ ከትንፋሽ የማይበልጥ። በደንብ አውቀዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጫጫታ ስለው የኖርሁት ድምፅ ነው።

«ታዲያ... ጮክ ብላ የምታነበው ማን ናት?»

ወደ ዕቃ ቤቱ አየች። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ተጠጋች።

«ከኋላዬ የምትቀመጠው።»

«ማን?»

«እንጃ። እንዳትዞሪ ትለኛለች።»

«ምን ታደርግሻለች?»

«ምንም... ብቻ ታብሌቱ ጎበዝ ባላት ቁጥር ትጠጋኛለች። አሁን ትንፋሽዋ ይሰማኛል።»

መምህር መስዑድን እጁን ይዤ ለመንሁት። ሁለተኛ እንዳትቆልፍባት አልሁት። ሳቀ፤ ግን እሺ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የድሮ ቅጂዎቿን ከፈትሁ። ጥርት ያለውን ድምፅ ትቼ ሹክሹክታውን ብቻ አዳመጥሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«መምህር... በሩን ይክፈቱልኝ።»

ሌላውን ከፈትሁ።

«መምህር... እባክዎ።»

ሁሉም እንደዚያው ነው። የጠራችው መምህሯን ነበር፤ የሰማኋት እኔ ነበርሁ። በሰማሁ ቁጥርም በገዛ እጄ ጫጫታ ብዬ ጽፌባታለሁ። ይህን የጻፈ እጅ እስከ ዛሬ እንጀራ እየቆረሰ ያበላኛል።

ወደ ምናሴ ሮጥሁ።

«ሁሉንም ላርመው። ተሳስቻለሁ።»

«አልቋልኮ። ፕሮግራሙ ተምሮ ጨርሷል። ትናንት ተልኳል።»

ቁንዝላ ደወልሁ። ኔትወርክ የለም። ቅዳሜም የለም፣ እሑድም የለም።

ሰኞ መምህር መስዑድ አነሳ።

«የምሥራች» አለኝ።

ምሥር ብላ ሳልለው «ተስኒምስ?» አልሁት።

«የተስኒም ድምፅ ተከፈተ። እናቷ በደስታ ስታለቅስ ነው የዋለችው። አዲሱ ፕሮግራም ሲደርሰን ዓርብ አንድ ጊዜ ብቻ ትሞክረው ብዬ...»

«ቆለፍህባት?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስከፍትላት እንደ ደወል የጠራ ድምፅ። እንቺ አናግሪያት።»

«ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለችኝ።

ጥርት ያለ ድምፅ። አንድ ፊደል የማይስት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ ከጀርባዋ ያን ሹክሹክታ ፈለግሁ። ተስኒም፣ የኔ እናት፣ አለሽ ወይ... አልሁ።

ከጀርባዋ ምንም አልነበረም። ጸጥ ያለ ነው፣ ልክ መመሪያው እንደሚለው።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ተስኒም ማንበብ የከበዳትን የክፍሏን ልጅ ኪዲን ላግዛት ብላ በራሷ ፈቃድ ቦታ ቀየረች።»

ፎቶው ላይ ልጆቹ ሁሉ እየሳቁ ወደ ካሜራው ያያሉ።

ተስኒም ብቻ ከኋላ ተቀምጣ፣ የኪዲን ማጅራት ታያለች።