መሬት የደረሱ እግሮች

ነርሷ ከመሬት መራቅን ለዓመታት ከክብር ጋር አምታትታ ኖራለች። ታላቅ ወንድሟ መካኒኩ ያቺን ግዙፍ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል «ለቁመትሽ ዝቅ ላድርግልሽ» ባላት ቁጥር የናቃት ይመስላት ነበርና፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ እየተንጠራራች መንዳትን መረጠች።

ከበረሃው ማዶ በደን ጠባቂነት የሚኖሩትን አባታቸውን ያበደ ቀበሮ ነከሳቸው የሚል መልእክት በሬዲዮ ሲደርስ ግን ኩራቷ ረገበ። የመኪናውን መንገድ ጎርፍ በልቶታል፤ የመካኒኩ ቀኝ ክንድም በጄሶ ታስሯል። የማቀዝቀዣ ሳጥኑ በረዶ ሳይቀልጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ማድረስ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

«በል ዝቅ አድርጋት፣ ጋሼ።»

«እሰይ! አንቺን ከማስረዘም እሷን ማሳጠር ይቀላል ብዬሽ አልነበር?»

በጠባቧ ጋራዥ ውስጥ እሱ በቃል እየመራ፣ እሷ ቡሎን እየፈታች፣ የኋላውን ሞላ የሚይዙትን ማያያዣ ብረቶች ረዘም ባሉ ተኩ፤ እነሱ ሲረዝሙ ኋላዋ ዝቅ ይላል። የፊት ጎማዋን የያዙትን ሁለት ዘንጎች፣ ሾኮቹንም፣ በማቀፊያቸው ውስጥ በዚያው ልክ ወደ ላይ ሳቡ።

«ኋላዋን ብቻ ካወረድን አፍንጫዋን ሽቅብ ታነሳብናለች፤ መሪዋም ይሰንፋል» አለ።

የመቀመጫውን ስፖንጅ በቢላ ጠረቡ፤ የክትባቱን ሳጥን ከኋላ አስረው፣ ሞተሯ ብትበላሽ እንዲመራት እሱን አፈናጥጣ ወጡ። በጥድፊያው የዘነጉት አንድ ነገር ነበር፤ የጎን መቆሚያውን ማሳጠር።

ስህተቱን ያጋለጠው ነፋሱ ነው። አሸዋው ዓይን ሲነሳቸው ወርደው አቆሟት። ሞተሯ በረዘመባት መቆሚያ ላይ እንደ ዘብ ቀጥ ብላ ነበርና፣ አንድ ብርቱ ሽውታ ገፈተራት። ነርሷ በትከሻዋ ደግፋ ሳጥኑን ከመፈጥፈጥ አዳነችው።

«አንቺ ድንቢጥ፣ ለመቆሚያዋ ጉድጓድ ቆፍሪላት፤ ያኔ ጋደል ትላለች» አላት ወንድሟ።

«ሞተር ነው ወይስ ችግኝ የምንተክለው?»

እንዲያም ሆኖ በቆሙበት ሁሉ ቆፈረች።

ከበረሃው አልፈው ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ሲውጣቸው፣ ከጥምዝምዙ መንገድ ወዲያ አንድ ብቸኛ ጎሽ ተደቅኖ አዩ። ነርሷ ሞተሩን አጠፋች።

«እንዳትነቃነቂ» አለ ወንድሟ ትንፋሹን ውጦ።

አውሬው አፍንጫውን እየነፋ ቀረበ። ያ ሁሉ ብረት፣ የሁለት ሰው ክብደትና ሳጥኑ በጭኖቿ መካከል ተንጠልጥሏል። ቅንጣት ዘንበል ቢል ይወድቃል፤ ከወደቀም ጎሹ ይደነብራል። በቀድሞው ቁመት ቢሆን ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ በከዷት ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ውስጥ እግሮቿ መሬቱን እንደ ሥር ቆንጥጠዋል። ንቀት ብላ የሸሸችው ነገር ፍቅር እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት። ጎሹ ረጅም ጊዜ አይቷቸው ፊቱን አዞረና በቅጠሉ መሐል ተሰወረ።

«ጋሼ…»

«ምን?»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጎሹ ነው ያስተማረሽ? እኔማ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ!»

ዝቅታውም የራሱን ዋጋ አስከፈለ። አቀበቱ ላይ ድንጋዮቹ የሞተሯን ሆድ ይፍቁ ጀመር፤ አንዱ ክፉኛ ሲገጫት ወንድሟ ዘሎ ወረደ።

«ክብደቴ ሲነሳላት ከፍ ትላለች። ሂጂ!»

«ጎሹ ቢመለስስ?»

«በአንድ ክንድም ቢሆን ዛፍ መውጣት አያቅተኝም። በረዶው እየቀለጠ ነው፤ ሂጂ ስልሽ!»

ነዳጅ ሰጥታ ተፈተለከች። እያንዳንዱን ቋጥኝ በዓይኗ እየመዘነች፣ ሲያዳግታት በሁለት እግሯ እየገፋች፣ ጫፉን ወጣች። አባቷ የተነከሰ ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በደን ጥበቃ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ወንድምሽስ?»

«በእግሩ እየመጣ ነው፣ አባዬ። ያደረሰኝ እሱ ነው።»

ባልደረቦቻቸው እሱን ሊቀበሉ ቁልቁል ሮጡ። እሷ ሳጥኑን ከፈተች፤ ጠርሙሶቹ እንደቀዘቀዙ ነበሩ። የአባቷን ሌላኛውን ክንድ በአልኮል ጠረገችና ክትባቱን ወጋቻቸው።