ለማን የተከፈተ ድምፅ

«መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ የሟቹ ሞባይል ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ገና ይናገር ነበር። ሰውየው በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ወድቋል፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። በሞባይሉ ላይ አንዲት ነርስ ስለ ሕፃናት መድኃኒት ታስረዳለች፤ ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች።

ሟቹን ሁሉም ጋሼ ይሉት ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ሕመም ጆሮውን ደፈነበት። ከዚያ ወዲህ የለፋው ለአንድ ነገር ነው፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች አፓቸው ውስጥ የሚያስገቡት፣ አዝራሩን፣ ድምፁንና የግርጌ ጽሑፉን እንደ ተጠቃሚው ፍላጎት የሚቀያይሩት የቪዲዮ ማጫወቻ ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ጥቅል። አብረውት የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ታናሽ ወንድሙ፣ ገጹን የምትነድፈው ዲዛይነርና ሥራውን የሚፈትሸው ወጣት።

ዲዛይነሯና ፈታሹ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አብረው ሲገቡ ሥራ አስኪያጁ ከጋሼ ክፍል ሲወጣ አገኙት። የነርሷ ድምፅ ያን ጊዜም ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባም፤ ቪዲዮው ሲደጋገም ሥራ ላይ ነው ብለው ተዉት። ወንድምየው ከዚያ እስከ ቀትር ደንበኞች ዘንድ ነበር፤ ምስክር አለው። ዲዛይነሯ ለምሳ ልትጠራው ስትገባ ወድቆ አገኘችው። አዙሮት ነው አሉ ሦስቱም።

«ድምፁ አላስገረማችሁም?» አለች መርፌ።

«አይሰማም እኮ» አለች ዲዛይነሯ እንባዋን እየጠረገች። «መከፈቱን በምን ያውቃል?»

ፈታሹ ግን ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ ሞባይሉ ጮሆበት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጫወቻው ያለ ድምፅ እንዲጀምር አደረገው። ለመክፈት አዝራሩን ሦስት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ በስህተት አይከፈትም።

መርፌ ሞባይሉን መረመረች። ድምፁ ክፍት ነው፤ ድግግሞሹም ክፍት ነው፤ የግርጌ ጽሑፉ ግን ተዘግቷል። ጽሑፉን ከፍታ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አገኘች፤ አንብባ ስትጨርስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጆሮው የማይሰማ ሰው ድምፅ ከፍቶ ጽሑፍ አይዘጋም» አለች። «ድምፁ የተከፈተው ከበሩ ውጭ ላሉት ነው፤ ጋሼ ሥራ ላይ ያለ እንዲመስላቸው። እናንተ ሁለታችሁ ስትገቡ ተከፍቶ ነበር። ከዚህ ክፍል ሲወጣ ያያችሁት ደግሞ አንድ ሰው ነው።»

ደብዳቤውን አነበበችላቸው። የላከችው መስማት የተሳናት እናት ናት። በዚህ በነርሷ ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፉ ዘግይቶ ስለሚመጣ የአንዱ ሽሮፕ መጠን በሌላው ጠርሙስ ሥር ይነበባል፤ እንዳነበበችው ሰጥታው ሕፃን ልጇ ሆስፒታል ተኝቷል።

«ፍተሻው አላለቀም ብዬ ነበር» አለ ፈታሹ በዝግታ። ማጫወቻውን ለደንበኛ ቸኩሎ ያስረከበው ሥራ አስኪያጁ ነው።

ወንድምየው አልካደም። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ያሳደገው ጋሼ ነበር።

«ጥፋቱን ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ለመንኩት። አልፎኝ ሊወጣ ሲል ገፋሁት። ስነካው አልተንቀሳቀሰም፤ የሞተ መሰለኝ።»

«ጽሑፉንስ ለምን ዘጋኸው?»

«ያን ስህተት ማየት አቃተኝ።»

መርፌ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የጻፈውን ልትደብቀው አሰበች፤ ግን አልሆነላትም። «አልሞተም ነበር» አለችው። «እስከ አምስት ሰዓት ይተነፍስ ነበር። ሰው ቢገባ ይተርፍ ነበር።»

ዲዛይነሯ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ወንድምየው ቀና ሲል ዓይኑ ደርቆ ነበር።

«እናታችን አለች» አለ። «ማን ይነግራታል?»

«እኔ እነግራታለሁ» አለች መርፌ። «አንተ ግን አጠገቤ ትቆማለህ።»