ያለ ባትሪ የተነሳችው መኪና

እኔ የጂንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ አዳማ ውስጥ የሚያውቁኝ ሾፌሮች ሁሉ ይመሰክሩልኛል፣ መኪና ላይ የሚደርስ ነገር ወይ የሽቦ ነው ወይ የናፍጣ ነው እያልኩ ስከራከር ነው የኖርኩት። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ እንዲያውም እስካሁን የደበቅኩት እንዳይሳቅብኝ ነው፣ ግን ሆኗል፣ እመኑኝ፣ በገዛ መኪናዬ ላይ ሆኗል።

ወሩ ኅዳር ነበር። ስንዴ ልጭን ከአሰላ ወዲያ፣ ተራራ ሥር ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ወጣሁ። ብቻዬን። ረዳቴ ባጃጅ ገዝቶ ከሄደ ወዲህ ሌላ አልቀጠርኩም፣ ባለቤቴም ካረፈች ቆይታለች፣ ቤት ስገባ ቴሌቪዥን የምከፍተው ድምፅ እንዲኖር ያህል ነው፣ ልጄም ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፣ እንግዲህ «ሂሳብ» እና «ዞር በል» ከማለት በቀር ከሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ የምውልበት ቀን ብዙ ነው።

እዚያ ላይ ብርዱ ሌላ ነው። የአዳማን ሙቀት ለለመደች ናፍጣ መኪና የደጋ ውርጭ ጠላቷ ነው፣ ባትሪው ይደክማል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ ያቃስትና ዝም ይላል። ስለዚህ ማምሻውን፣ ጭነቱ ካለቀ በኋላ፣ የድሮ ሾፌሮች እንደሚያደርጉት ሁለቱንም ባትሪ ፈትቼ እዚያው የእህል መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ወደማድርበት ክፍል አስገባኋቸው፣ አልጋው ሥር አድርጌ ብርድ ልብስ ጣል አደረግሁባቸው። ጋቢናውን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። መጀመሪያ የሰማሁት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ነው፣ ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው ሽቦ ኤሌትሪክ ሲያገኝ የምትሰማው ያቺ ትንሽ ድምፅ። ከዚያ ጸጥ አለ፣ እስኪሞቅ የሚታገስ ሰው ያለ ይመስል። እንደገና «ቀጭ»። ከዚያ ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። የሌላ ሰው መኪና ነው ብዬ ጎኔን ልገለብጥ ስል ግቢው ውስጥ ከእኔ መኪና በቀር ምንም እንዳልነበረ ትዝ አለኝ፣ ደግሞም እናት የልጇን ለቅሶ እንደምትለይ እኔም የሞተሬን ድምፅ እለያለሁ። እጄን አልጋው ሥር ሰደድኩ። ባትሪዎቹ አሉ። ሁለቱም።

ወጣሁ። ግቢው በጉም ተሸፍኗል፣ መኪናዬ ነጭ ጭስ እየተፋች ትንቀጠቀጣለች። የኔዋ ዓይነት አሮጌ ናፍጣ መኪና አንዴ ከተነሳች ያለ ባትሪም ትሠራለች፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ግን በምን ተነሳች? የፈታኋቸው ሽቦዎች እንደተንጠለጠሉ ናቸው።

የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ኦቦ ቱፋ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበሩ በኩል መጡ።

«ነጋ ቡልቴ?» አሉኝ፣ በሰላም አደርክ ወይ ማለታቸው ነው።

«ኦቦ ቱፋ፣ ማነው ያስነሳት?»

«ጓደኛህ ነዋ!»

«የቱ ጓደኛ?»

«ትናንት ካንተ ጎን ተቀምጦ የገባው። አሁን ሰላም ስለው እጁን አነሳልኝ፣ መልስ ግን አልሰጠኝም።»

«እኔ እኮ ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጋቢናውን አዩ። «ዋቀዮ!» አሉ በቀስታ፣ አምላኬ እንደ ማለት፣ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አሉ።

በሩ እንደተቆለፈ ነው። በቁልፌ ከፈትኩት። ማንም የለም። ግን ከመቀመጫዬ ጎን ባለው የረዳት ወንበር በኩል ያለው መስኮት፣ እሱ ብቻ፣ ከውስጥ በኩል በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ ሰው አፉን አስጠግቶ ሲተነፍስበት እንደሚሆነው። በእጅጌዬ ጠረግሁት። ዓይኔ እያየ መልሶ ደበዘዘ።

«ፀሐይ ይውጣ፣ አሁን አትሂድ» አሉኝ ኦቦ ቱፋ። ፀሐይ ወጣ፣ ባትሪዎቹን አሰርኩ። ስንዴውን ጥዬው አልሄድ ነገር፣ ወፍጮ ቤቱ ይጠብቀኛል።

ቁልቁለቱን ስወርድ ወደ ጎን አላየሁም። ከፍርሃቴ የተነሳ ማውራት ጀመርኩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ሆነ ባልሆነው፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ስለ ባለቤቴ ማውራት ጀመርኩ፣ ሆስፒታል ሳለች የመጨረሻዋ ዕለት ምን እንዳለችኝ፣ ለልጄ እንኳ ያልነገርኳትን ነገር። ወደ አዳማ መቃረቢያ፣ ደራ ከተማ ላይ የቆላው ሙቀት ሲቀበለን ፍርሃቱ ከላዬ ተነስቶ ነበር። ሲቀበለን ነው ያልኩት፣ አያችሁ? ፀሐዩ አናት እየበሳ ያ መስኮት ግን እንደደበዘዘ ነበር።

አዳማ ስንዴውን አራግፌ ኤሌትሪክ ሠሪው ወዳጄ ሙክታር ዘንድ ወሰድኳት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ «ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል» አለ። «ያለ ባትሪ?» አልኩት። ሳቁን አቆመ፣ ሥር ገብቶ አንድ በአንድ ነካካ፣ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ወንድሜ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለኝ፣ የልፋቱንም አልቀበልም አለ።

ቤቴ በር ላይ አቆምኳት፣ አጠፋኋት፣ ቆለፍኩና ወረድኩ። ሠፈሩ ጭር ብሎ ነበር፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጥቂት እንደተራመድኩ ሳላስበው፣ ወላሂ ሳላስበው፣ «በል ደህና ዋል» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከኋላዬ የጋቢናው በር በኃይል ሲዘጋ ሰማሁ።

ዞሬ አየሁ፣ ሰው የለም። ሲከፈት አልሰማሁም፣ መዘጋቱን ብቻ ነው የሰማሁት። ወርዶ ይሁን፣ ወይስ ተመልሶ ገብቶ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ መኪናዋን ግን በየቀኑ እነዳታለሁ።