በአንድ ስልክ ሁለት ሰው

ኮንትራክተሩ ከሆቴሉ አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ የሞተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሰው አገር፣ በሥራ ጉዞ፣ ሻንጣው እንኳ ገና ሳይፈታ። ፖሊስ «አደጋ ነው» ብሎ ሊዘጋው ነበር። መርፌ ግን የበረንዳውን በር አይታ ከንፈሯን ነከሰች። መርፌ እዚያው ከተማ ለፖሊስ የምትሠራ የሟቹ አገር ልጅ ናት፤ ይህ ቅጽል ስም የወጣላት የማትገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ነው።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። የወደቀ ሰው ደግሞ ተመልሶ በር አይቀረቅርም።

የክፍሉ ዋና በር አልተሰበረም። ሁለተኛው ቁልፍ ያለው ሚስቱ ዘንድ ነው፤ እሷም ያን ሰዓት ብቻዬን በእግሬ ስንሸራሸር ነበር ከማለት በቀር ምስክር የላትም። የፖሊሱ አለቃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ሰው ካልተገኘ እሷን አስራለሁ ብሎ ቆረጠ።

ሴትየዋ ለመርፌ ምንም አልደበቀችም። ባሏ ቁጡ ነበር፤ ለዘመድ ግን እጁ አይታጠፍም። አብራቸው የመጣችውን መሐንዲስ እንኳ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። አባቷ የእሱ ግንበኛ ነበር፤ ያለ መያዣ ገመድ መወጣጫ ላይ ሲሠራ ወድቆ ሞተ።

«እንደ ልጁ ነበር የሚያያት» አለች።

«እሷስ እንደ አባቷ ታየው ነበር?»



የሟቹ ታናሽ ወንድምና መሐንዲሷ ቃላቸው አንድ ነበር፦ ሦስት ሰዓት ላይ አብረን በባቡር ወደ ማሽን ኤግዚቢሽን ሄድን። ወንድምየው ስልኩን አውጥቶ በእሱ የከፈለውን የባቡር ሒሳብ አሳየ። ሦስት ከዐሥር ላይ ሆቴሉ አጠገብ ካለው ጣቢያ ገብቶ፣ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ኤግዚቢሽኑ ጋ ወርዷል። ስልኩ ያለ እሱ አውራ ጣት አይከፍልም፤ ስለዚህ እሱ ባቡር ላይ እንደነበር አያጠራጥርም።

«አንቺስ በምን ከፈልሽ?» አለች መርፌ እንደ ዋዛ።

«እሱ ከፈለልኝ።»

«በዚሁ ስልክ?»

«ታዲያ አብሮኝ እያለ እኔ ልከፍል ነው?» ብላ ሳቀች።

አገር ቤት አብሮ የተሳፈረ ሁሉ «ተይ፣ እኔ አለሁ» ተባብሎ አንዱ ለሁሉም ይከፍላል። ውሸቱ እውነት እውነት የሸተተው ለዚህ ነው። ደግሞ ሦስቱንም ሆነ ሟቹን ትናንት ከአየር ማረፊያ ያመጣቸው ታክሲ ነው፤ የከተማውን ባቡር ጠባይ የት ያውቁታል?

ስምንት ሰዓት ላይ መርፌ አለቃውን ጨምራ ሁሉንም ጣቢያው መግቢያ ላይ ሰበሰበች። ወንድምየውን፣ ጠዋት እንዳደረጋችሁት አድርጋችሁ ግቡ አለችው። አውራ ጣቱን አሳርፎ ስልኩን አስነካ፤ መዝጊያው ተከፈተ፤ አለፈ። ለመሐንዲሷ ሊከፍል እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ደገመው። ቀይ መብራት በራ። ሦስተኛም ሞከረ። መዝጊያው ንቅንቅ አላለም።

«አትድከም» አለች መርፌ። «እዚህ ከተማ አንድ ስልክ አንድ መንገደኛ ነው። ያስገባህ ስልክ አንተን ሳያስወጣ ሌላ ሰው አያስገባም። በረንዳው ከውስጥ ስለተቀረቀረ ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበር። ዋናው በር ስላልተሰበረ፣ ወይ ቁልፍ ያላት ናት፣ ወይ ሟቹ ራሱ የከፈተላት። አንተን ስልክህ ባቡር ላይ አስቀምጦሃል። መሐንዲሷን የት አስቀመጣት? አንተው ንገረን።»

ወንድምየው ከመዝጊያው ወዲያ ማዶ ቆሞ አንገቱን ደፋ። መሐንዲሷ፣ አሞኝ ተኝቼ ነበር፣ እንዳይጠረጥሩኝ አብረን ነበርን በልልኝ ብላው ነበር። አመናት።

መሐንዲሷ አልካደችም። እንዲያውም ቀና አለች።

«ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ‹ልጄ› ሲለኝ ሰማሁት። ዛሬ በረንዳው ላይ፣ አባቴ ገመድ ለምን አልነበረውም ብዬ ጠየቅሁት። ‹ለአንድ ቀን ሥራ ማን ገመድ ይገዛል› አለኝ። ገፋሁት። በሩን የዘጋሁት የታች ጩኸት እንዳይሰማኝ ነው።»

ሴትየዋ ተጠጋቻት። «እሺ እኔስ ምን አደረግሁሽ? ልታሰርልሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። አባቴ የሞተ ጊዜ ቤታችን መጥተው እናቴን አጽናንተዋት ነበር። ገመዱን ማን እንደከለከለው እያወቁ፣ ‹የእግዜር ሥራ ነው፣ ቻይው› አሏት። አሁን ለራስዎም ይበሉታ።»

አለቃው ክንዷን ያዘ። ሴትየዋ ያን ቃል ልትለው አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም።