የአርባ አንደኛው ቤት ቅጽ

ግዛቸው የሞተው በቅጽ ክምር ላይ ተደፍቶ ነው። ጭንቅላቱን የተመታበት የሕፃናት መመዘኛ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። በ1953 ዓ.ም. ሳጉሬ ላይ፣ ቤት ለቤት ማን ታመመ ማን ሞተ እያለ የሚጠይቀው የአገር አቀፉ ጥናት መሪ እሱ ነበር። ዘበኛው ጅብሪል ስምንት ሰዓት ላይ ሻይ ሲያደርስለት በሕይወት ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬሳውን አገኘ።

በማግስቱ ከአሰላ የመጣው መርማሪ፣ መቶ አለቃ ይርሳው፣ ጅብሪልን፣ ጸሐፊውን ሀብተ ማርያምንና አስተርጓሚዋን ዘይቱናን እዚያው ክፍል ሰበሰበ። በካቴና የታሰረችው ዘይቱና ብቻ ናት። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሻል» አላት ይርሳው።

«ተጣልቻለሁ። አቶ ሀብተ ማርያም በሞሉት ሃምሳ ቅጽ ውስጥ አንድም ሕፃን አልሞተም። ሞት የማይገባበት ቀበሌ ካለ እኔም ልግባበት አልኳቸው ለአቶ ግዛቸው። ተቆጡኝ፤ ወጣሁ።»

«ምላሷን ያያሉ?» አለ ሀብተ ማርያም። «እኔ በሰዓቱ አርባ አንደኛው ቤት ነበርኩ። ይኸው ቅጹ፤ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ይላል።»

«ማን መለሰልዎት?»

«ሚስቲቱ ብቻዋን። አማርኛዋ የጠራ ነው። የባሏንም የአማቷንም ስም ራሷ ነገረችኝ።»

ጅብሪል ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነ። ዘይቱና አላፈነችም፤ ከት ብላ ሳቀች።

ይርሳው እሷና ግዛቸው የሞሏቸውን ቅጾች ዘረጋ። «በነዚህ ሁሉ ላይ ከባል ስም አጠገብ ‹ጎረቤት ነገረን› ይላል። ለምንድን ነው?»

«እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራማ። የአማቷንማ ቢገድሏትም።»

«ስለዚህ ይህ የእርስዎ ቅጽ የተሞላው ቤቱ ሳይገባ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለ ይርሳው ወደ ጸሐፊው ዞሮ። «ከሃምሳው ቅጽዎ ሰዓት የተጻፈበትም ይኸው አንዱ ነው። ሰዓት ያስፈለገዎት ግዛቸው ሲሞት ሌላ ቦታ እንደነበሩ ለማስመሰል ነው። ከሟቹ ኪስ ደግሞ ማስታወሻ አግኝቻለሁ፤ ‹ዘይቱና ልክ ናት። ዛሬ ሀብተ ማርያምን ጠርቼ እነግረዋለሁ፤ ነገ ቤቶቹን እንደገና እንዞራለን› ይላል።»

ሀብተ ማርያም በሩን አየ። ጅብሪል በሩ ላይ ቆሟል።

«በአንዲት ኮረዳ ወሬ ሊያስባርረኝ?» አለ ሀብተ ማርያም፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«በዚህ ሦስት ወር ውስጥ አንድ ቤት እንኳ ቢገቡ ኖሮ፣ ሚስት የባሏን ስም እንደማትጠራ ያውቁ ነበር» አለች ዘይቱና።

ካቴናው ከእሷ እጅ ወልቆ ወደ እሱ ዞረ።

«በይ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» አላት ይርሳው።

እሷ የቆሰለ የእጅ አንጓዋን እያሻሸች አንድ ባዶ ቅጽ ከክምሩ ሳበች።

«ወዴት ነው?»

«አርባ አንደኛው ቤት። እስካሁን ማንም አልጠየቃቸውም።»